ቅጠል የማይገባበት ቤት

የውጭው በር እንደገና ተንኳኳ። ጁወይሪያ ጆሮዋ ላይ የደፋችውን ማዳመጫ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት አንቀጽ ጀምራ መጨረስ አቅቷታል።

«ወላሂ ዘንድሮስ ያሳብዱኛል!» አለች ለራሷ፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተችም ወጣች።

«ማነው ጁጁ?» አለች እናቷ ሃፊዛ ከማድ ቤት።

«ማን ይሆናል እማዬ? ጠያቂ ነዋ!»

ኮልፌ አጠና ተራ፣ እነ ጁወይሪያ ሰፈር፣ ሰው ታመመ ከተባለ በር አይዘጋም። አባቷ ሀምዱ ከግንባታ ዕቃ ሱቁ መሰላል ላይ የቀለም ባልዲ ሲያወርድ ተንሸራቶ በቀኝ ጎኑ ወደቀና የጎን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘለት፣ ለሕመሙ ደግሞ ፓራሲታሞል። የፓራሲታሞሉን ነገር ሰፈሩ ሰማ፣ የዕረፍቱን ግን አልሰማም። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎለት ከተጋደመ ጀምሮ የሱቅ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ መስጊድ አብሮት የሚሰግደው፣ ከአስኮ ዘመዱ፣ ከቤቴል የዘመዱ ዘመድ ሁሉም መጣ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ያመጣውን ደግሞ በሽተኛው ፊቱ ካልቀመሰለት አኩርፎ ይሄዳል፤ ያኮረፈውን ለማስታረቅ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሽማግሌውም ባዶ እጁን አይመጣም።

ሀምዱ ደግሞ የሰው እጅ የማይመልስ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሚስማር ሊገዛ የገባ ሰው አንድ ሙዝ ቢዘረጋለት እንኳን፣ ባይርበውም ተቀብሎ፣ ፊቱ ልጦ ይበላለታል። «ሰው አስቦኝ ያመጣውን እንዴት እመልሳለሁ?» ይላል ሲጠየቅ። በዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል። ጁወይሪያ ግን በዚህ ጠባዩ አንድ ጊዜ ልታጣው ደርሳ ነበር።

ያኔ እሷ ገና ተማሪ ቤት ነበረች። አባቷን የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቅጠል፣ የሚያውቀውን ሥር ወቅጦ፣ ዘፍዝፎ፣ በጠርሙስ ሞልቶ መጣ። ሀምዱ የአንዱንም እጅ ሳይመልስ ሁሉንም ጠጣ። መጨረሻ ላይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ሐኪሙ እናቷን ወደ ጎን ወስዶ «ይህ ጉበት ሌላ ዱላ አይችልም» አላት። ጁወይሪያ ከኋላ ቆማ ሰማች። በሽታው ራሱ ነው ወይስ ከቅጠሎቹ አንዱ ነው የጎዳው ብላ ብትጠይቅ የሚነግራት አጣች። ከዚያ ወዲህ የተማረችው ትምህርት ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ጋር የታገለችበት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቷን እየጨረሰች ነው። ጥናቷም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መኝታ ቤቷ ውስጥ የሚበቃው ግድግዳ የለምና። ከኮርኒሱ እስከ ሶፋው ጀርባ የሚደርስ ወረቀት ነው፣ በሳጥንና በቀስት የተሞላ። አንድ ኬሚካል ወደ ጉበት ከገባበት ቅጽበት አንስቶ ጉበቱ ሥራ እስኪያቆም ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። መንገዱ በደንብ ከታወቀ፣ ኮምፒዩተሩ አንድን ኬሚካል ማንም ሳይውጠው በፊት «ይህ ጉበት ይጎዳል፤ ይህ አይጎዳም» ብሎ ሊተነብይ ይችላል። ሀሳቡ ይኸው ነው። ለጠያቂዎቹ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታያቸው ቀዩ መስመር ብቻ ነበር።

«ይሄ የኮሪደር ልማቱ ፕላን ነው?» አሏት ጋሽ ሰብስቤ አንድ ቀን፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱ ላይ እየተለጠፉ። ጋሽ ሰብስቤ ከአባቷ ሱቅ ጎን ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላ ቅመም የሚሸጡ፣ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ያረጁ ሰው ናቸው። «ቀዩ መስመር በእኔ ሱቅ በኩል ነው የሚያልፈው? አትደብቂኝ ልጄ፣ ከአሁኑ ልወቀው።»

«ጉበት ነው ጋሽ ሰብስቤ።»

«የማን ጉበት?»

«የሰው። የማንም ሰው።»

«እኮ የማንም ሰው ጉበት እንዲህ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል?» ብለው አባቷን አዩት። አባቷ እየሳቀ ጎኑን ያዘ። ሌላው ጠያቂ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መስሎታል፤ ሌላዋ ሴትዮ ደግሞ «እስቲ የኔን ጨጓራም ፈልጊልኝ» ብላለች። «ዶክተር ልትሆን ነው» ከመባሏ ያተረፈችው ነገር ቢኖር ሰው በየመንገዱ እያስቆመ ምላሱን አውጥቶ የሚያሳያት መሆኑ ነው።

አባቷ በወደቀ ማግስት ጁወይሪያ የውጭው በር ላይ ቆማ አዋጅ አውጥታ ነበር። «ቅጠል፣ ሥር፣ ቅርፊት፣ ተወቅጦ በጠርሙስ የመጣ ነገር እዚህ ቤት አይገባም! መድኃኒት ማምጣት ካማራችሁ ከፋርማሲ፣ ስሙ የተጻፈበት፣ የታሸገ!» ሃፊዛ በእፍረት መሬት ልትገባ ደርሳ ነበር። «የሰው በር ላይ ሳይሆን በራሳችን በር ላይ አዋረድሽን» አለቻት። ጁወይሪያ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣውን ፌስታል ሁሉ በሩ ላይ ተቀብላ ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ታስገባለች ወይም ትመልሳለች። የጋሽ ሰብስቤን ኮረሪማ ሳይቀር መልሳለች፤ «ኮረሪማም ወንጀለኛ ሆነ?» ብለው እያጉረመረሙ ሄደዋል።

ዛሬ በሩ ላይ የቆሙት እትዬ እሙ ናቸው። እትዬ እሙ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖሩ፣ እጃቸው ቅጠል ቅጠል የሚሸት፣ ሰፈሩ ውስጥ የተወለደን ሕፃን ሁሉ ያሹ ባልቴት ናቸው። ባለፈው አረንጓዴ ነገር በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተው ጁወይሪያ ከበር መልሳቸዋለች። ዛሬ ፌስታላቸውን ገና ሳትጠይቃቸው አፉን ከፍተው ዘረጉላት።

«ይኸው፣ ፈትሺ። ቅጠል የለበትም።»

ውስጡ ቀይ ፓኮ አለ። «ከየት አመጡት?»

«ጅዳ ያለችው ልጄ ናት የላከችው። የታሸገ ነው፣ ስሙም ተጽፎበታል። እንዳልሽው።»

ጁወይሪያ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ፓራሲታሞል ነው። ጊዜው አላለፈበትም። ይህን ስም ከራሷ ስም እኩል ታውቀዋለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ካርታዋ በትክክል መሥራቱን የምትፈትንበት የመጀመሪያው ኬሚካል ነውና ኮምፒዩተሯ ላይ ስንት ጊዜ አስገብታ አስወጥታዋለች። ቢበዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል ብላ አሰበች።

«ይግቡ» አለቻቸው። ለእትዬ እሙ ከንቀት ይልቅ ደግ ነገር ልትላቸው ፈለገችና «አሁን ገና ገባዎት» ብላ ጨመረች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፋች።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፈሩ ጠያቂ ሁሉ ገባው። አንዱ የታሸገ ነጭ ኪኒን ይዞ ይመጣል፤ ሌላዋ ከዱባይ የመጣ ሰማያዊ እንክብል፤ ጋሽ ሰብስቤ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ የጉንፋን ዱቄት፤ ከቤቴል የመጣው ዘመድ ሽሮፕ። ጁወይሪያ አንድ በአንድ እያየች አሳለፈች። ቅጠል አላገኘችም፤ ባለማግኘቷም በልቧ ኮራች።

ችግሩ አባቷ መብላት ማቆሙ ነው።

በመጀመሪያ «ደስ አላለኝም» አለ። ከዚያ ሾርባውንም ገፋው። ከዚያ ያስመልሰው ጀመር። ቀኝ ጎኑን ይዞ ይቃትታል፤ «አጥንቱ ነው፣ አጥንት መቼ ቶሎ ይድናል» ይላል ደግሞ ራሱ። ጁወይሪያ ግን ጥርጣሬ ገባት። አባቷ ቀን በሱቅ ጎረቤት ሳቅ፣ በጠያቂ ወሬ ተከቦ ሲውል ማን ምን እንደሚያጎርሰው ማን ያውቃል? ቅጠል ነው። አንድ ሰው ከእሷ ተደብቆ ቅጠል አጠጥቶታል።

«እማዬ እውነቱን ንገሪኝ። ማነው ያጠጣው?»

«ምን?»

«ቅጠል!»

«ማንም አላጠጣውም ጁጁ። አንቺን ፈርቶ ማን ያመጣል?»

«እትዬ እሙ ናቸው አይደል? ከእሳቸው ሌላ ማን ይሆናል!»

ፍራሹን አስነስታ ሥሩን አየች። ትራሱን አሸተተች። ማድ ቤት ገብታ ጠርሙስ ሁሉ እየከፈተች ስታሸት ሃፊዛ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ አየቻት። «ፖሊስ ነው እንዴ የወለድኩት?» አለች። አረንጓዴ ነገር አልተገኘም። ጁወይሪያ ይባስ ተናደደች፤ ደብቀው አጠጥተውታል ማለት ነው። እትዬ እሙን መንገድ ላይ አግኝታ በሰው ፊት «አባቴ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ እርስዎን ነው የምጠይቀው!» አለቻቸው። አሮጊቷ አፋቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

ለአማካሪዋ ሥራውን የምታስረክብበት ቀንም ደርሷል፤ በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከአባቷ ሆድ የባሰ ባዶ ነበር። ጁወይሪያ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሳሎን ወጣች፤ ጋሽ ሰብስቤ ከአባቷ ራስጌ ተቀምጠዋል፣ ሃፊዛ ከግርጌው። መስኮቱ ላይ ያለው ብርቱካናማ መጋረጃ የሁሉንም ፊት አንድ ዓይነት አድርጎታል።

«ዛሬ ሥራ የለም ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። «እንግዲያው ይቺን ጉበት አስረጂን። በሄድን በመጣን ቁጥር እያየናት ምን እንደሆነች ሳናውቅ ልንሞት ነው።»

«ጋሽ ሰብስቤ፣ አምስት ዓመት ነው የተማርኩት። በአንድ ከሰዓት...»

«አንቺ አምስት ዓመት ከፈጀብሽ ለእኛ አሳጥረሽ ንገሪን፤ እኛ ዕድሜ የለንም።»

አባቷ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ። «ንገሪን ጁጁ» አለ በደከመ ድምፅ። «እኔም ጠይቄሽ አላውቅም።»

እውነት ነው፣ ጠይቋት አያውቅም። ሰው ልጅህ ምን ትማራለች ሲለው «ትልቅ ነገር» ይላል እንጂ። ጁወይሪያ ተነፈሰችና ግድግዳው ጋ ቆመች። ንዴቷ አልበረደም ነበር፤ ቢሆንም ከላይኛው ሳጥን ጀመረች።

«እሺ። ሁላችሁም የምታውቁትን ልውሰድ። ፓራሲታሞል። ይዋጣል፣ ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበት ይመጣል። ጉበት አብዛኛውን ያጣራውና በሽንት ያስወጣዋል። ትንሿ ክፍል ግን እዚህ ጋ» ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አደረገች፣ «ወደ መርዝ ትለወጣለች።»

«መርዝ?» አለች ሃፊዛ። «የሐኪም መድኃኒት?»

«ትንሽ ናት እማዬ። ጉበት ውስጥ ደግሞ ዘበኛ አለ። ያቺን መርዝ ገና በር ላይ ይይዝና ያስወጣታል። በልኩ ከተወሰደ ምንም ችግር የለም፤ ዘበኛው ይበቃል። ከልክ በላይ ከሆነ ግን ዘበኛው ያልቃል። በተለይ ሰውየው ምግብ ካልበላ፣ ወይም ጉበቱ ድሮም የተጎዳ ከሆነ፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ዘበኛው ሲያልቅ መርዙ እንደልቡ ይገባል። የጉበት ሴሎች ይሞታሉ። ሰውየውን ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ ቀኝ ጎኑን...»

ቆም አለች። ዓይኗ ወደ ፍራሹ ሄደ።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጁጁ፣ ይሄ የምትይው ነጩ ነው አይደል?»

«ምኑ ነጩ?»

«ነጩ ኪኒን። የጎን አጥንት ነው የእሱ ሥራ። ቀዩስ? ከጅዳ የመጣው። ቀዩ ወደ ወገብ ነው የሚሄደው።»

«ማን አለ ወደ ወገብ ይሄዳል ብሎ?»

«እሙ ስትሰጠኝ ለወገብህ ነው ብላኝ ነዋ። ሰማያዊው ለእንቅልፍ ነው። የሰብስቤ ዱቄት ለደረት። ሽሮፑ ደግሞ ለጉሮሮ፣ ሰውየው ከቤቴል ድረስ አምጥቶት...» አባቷ ጥፋት እንደተገኘበት ልጅ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «ሁሉም በየቦታው ነው የሚሄደው ብዬ ነው። ፊታቸው ካልዋጥኩላቸው ቅር ይላቸዋል።»

አባቷም የራሱ ካርታ ነበረው። ቀዩ በአንድ መንገድ ወደ ወገብ፣ ነጩ በሌላ መንገድ ወደ አጥንት፣ ማንም ከማንም ሳይጋጭ። ጁወይሪያ የራስጌውን መሳቢያ ሳበችው። ባዶ ፓኮዎች ተደራርበው ወጡ። እያንዳንዱን በሩ ላይ በእጇ ይዛ አይታዋለች። አሁን አንድ ላይ አየቻቸው። በቀዩም፣ በነጩም፣ በሰማያዊውም፣ በዱቄቱም ጀርባ ያው አንድ ስም ነው ያለው፦ ፓራሲታሞል።

መጋረጃውን በአንድ ጊዜ ሳበችው። ብርሃኑ ሲገባ የአባቷ ዓይን ቢጫ ነበር።

«ያ አላህ!» አለች ሃፊዛ፣ ተነሥታ እየቆመች። ይህን ቀለም ታውቀዋለች።

ጁወይሪያ ልትጮህ ፈለገች፤ በአባቷ፣ በእናቷ፣ በጋሽ ሰብስቤ፣ በእትዬ እሙ፣ በጅዳይቱ ልጃቸው ላይ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ በዚህ በር በገባ ሰው ሁሉ ላይ። «አንድ ሰው! አንድ ሰው እንኳን ቢጠይቀኝ ምን አለበት!» ብላ ጀመረች። ግን ሁሉም ጠይቀዋታል። ሁሉም ፌስታሉን ከፍተው አሳይተዋታል፤ እሷም ይግቡ ብላቸዋለች።

ራይድ ታክሲ ጠሩ። ሹፌሩ መንገዱ ተቆፍሮ በዚህ አያስኬድም፣ በዚያ አያስኬድም እያለ በየቅያሱ አዞራቸው። ጁወይሪያ ከፊት ተቀምጣ «ወንድሜ፣ በእግር ብንሄድ እንቀድምሃለን!» አለችው። ከኋላ አባቷ እናቷ ትከሻ ላይ ራሱን ጥሎ «ተዪው ጁጁ፣ እሱ ምን ያድርግ» ይላል። በዚያ ሁኔታ ውስጥም የሰው ፊት ይጠብቃል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ዶክተር ፀዳለ የምትባል፣ ከአዳር ተረኝነት ያልተላቀቀች የምትመስል ወጣት ሐኪም ናት። «በቀን ምን ያህል ነበር የሚወስደው?» አለች።

ጁወይሪያ በጣቶቿ መቁጠር ጀምራ ተወችው። ኮምፒዩተሯ ላይ መጠኑን ሁልጊዜ ራሷ ናት የምትሞላው። ይህን ያህል ገባ ትለዋለች፣ እሱም ይህን ያህል ሴል ሞተ ይላታል። የሰፈር ሰው በመጣ ቁጥር የሚዋጥ መድኃኒት በየት በኩል እንደሚሞላ አስባው አታውቅም።

«እንደ ጠያቂው ብዛት ነው» አለች በመጨረሻ።

ዶክተር ፀዳለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቅርታ፣ ምን አልሽ? ቤት ውስጥ የሚያይለት ሰው አልነበረም?»

«ኧረ አለ!» አለች ሃፊዛ፣ ልጇ የተናቀችባት መስሏት። «ይቺ ልጄ እኮ ስለ ጉበት ነው የምታጠናው። ሁሉንም በር ላይ እያየች ነው የምታስገባው።»

ጁወይሪያ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አንሥታ መጻፍ ቀጠለች፤ ይህም ባሰባት።

የደሙ ውጤት መጣ፤ ጉበቱ ክፉኛ ተመትቷል። ያለቀውን ዘበኛ የሚተካ መድኃኒት አለ፤ ጁወይሪያ ካርታዋ ላይ በአረንጓዴ ቀስት ሥላዋለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን የተገኘው ለማስጀመሪያ ብቻ የሚበቃ ነበር። «ቀሪውን ከውጭ ፈልጉ፣ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት» አለች ዶክተር ፀዳለ፤ የመድኃኒቱንም ስም ጽፋ ሰጠቻት። «ለጤነኛ ጉበት ቢሆን ተስፋው የበለጠ ነበር። ለእሱ ግን ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት። አልዋሽሽም።»

ወረቀቱን ጋሽ ሰብስቤ ከእጇ ነጠቋት። ከቤት ጀምሮ አልተለዩዋቸውም፤ ዱቄቱ የእሳቸው ነበርና። «አንቺ ከአባትሽ አትለዪ» ብለው ወጡ። ዘነበወርቅ፣ ጦር ኃይሎች፣ መርካቶ፣ ፋርማሲ ሳይዘሉ ዞሩ። በየመሀሉ እየደወሉ «እዚህም የለም ይላሉ፣ የማይረቡ!» ይላሉ፤ ጁወይሪያም «ጋሽ ሰብስቤ፣ አይስደቧቸው፣ ዝም ብለው ቀጣዩ ይግቡ!» ትላለች። ሊመሽ ሲል ላባቸው እየወረደ መጡ። ፌስታላቸውን ከፍተው እንደ ልማዳቸው ዘረጉላት።

«እዪው» አሉ። «በደንብ እዪው ልጄ። እኔ ከእንግዲህ በዓይኔ አላምንም።»

ጁወይሪያ አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ለነርሷ ሰጠች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ሕይወቷን ሙሉ ለመጠበቅ የሚሆን ትዕግሥት ኖሯት አያውቅም። አባቷ ሲቀባዥር የሱቁን ዋጋ ለሌለ ደንበኛ ይነግራል። ሃፊዛ መቁጠሪያዋን ይዛ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። አማካሪዋ በስልክ «ሥራው የታለ?» ሲላት ጁወይሪያ «ካርታው መጀመሪያው ላይ ይጎድለዋል፤ መድኃኒቱ ከበር እስከ አፍ የሚመጣበት መንገድ የለበትም» አለችና ዘጋችው። እትዬ እሙ መጥተው በር ላይ ቆመዋል ሲሏት ደፍራ አልወጣችም፤ ምን ብላ ፊታቸውን ታያለች? በመጨረሻ ስትወጣ ሄደዋል። አግዳሚው ላይ ብርቱካን በፌስታል ትተዋል፣ አፉ አልተቋጠረም።

አንድ ማለዳ ዶክተር ፀዳለ የደም ውጤቱን ይዛ ገባች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር። «መመለስ ጀምሯል» አለች። «ገና ብዙ ይቀረዋል። ግን መመለስ ጀምሯል።» ሃፊዛ እዚያው ሱጁድ ወረደች። ጁወይሪያ ወረቀቱን ተቀብላ ከራስጌው አጠገብ ቁጭ አለች፤ ቁጥሮቹን ደጋግማ አነበበቻቸው።

አባቷ ነቅቶ ያያት ነበር። የዓይኑ ቢጫነት አልለቀቀም፣ ዓይኑ ግን የራሱ ዓይን ሆኗል።

«ተቆጥተሻል?» አላት።

«አልተቆጣሁም አባ።»

«ተቆጥተሻል፣ አውቅሻለሁ።» ትንሽ አረፈ። ከንፈሩን አራሰችለት። «አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። ቅጠል አልነካሁም።»

«አባ፣ አሁን እሱን ተወው።»

«አልነካሁም። እሙ አንድ ቀን አንቺ ክፍልሽ ሳለሽ ደብቃ ይዛልኝ መጥታ ነበር። አንድ ጉንጭ ብቻ ብላ ለመነችኝ። ልጄ አይሆንም ብላለች አልኳትና መለስኳት።» ዓይኑን ወደ ጣራው መለሰ፤ ነገሩ አሁንም የከበደው ይመስላል። «የሰው እጅ ስመልስ የዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው ጁጁ። አለቀሰች እኮ። ግን እንዳልሽው አደረግሁ፤ ኪኒን ብቻ ነው የዋጥኩት።»

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

ጁወይሪያ የምትቆጣው ሰው ፈለገች። እናቷ ወለሉ ላይ ናት፣ ጋሽ ሰብስቤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው አንቀላፍተዋል፣ ነርሷ ሥራዋ ላይ ናት። ማንንም አጣች። የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን እጁ ላይ ደፍታ፣ እንዳይቀሰቀስ ድምፅዋን ውጣ አለቀሰች።